ኮክ እንደ ማገዶ፦ በካታሊቲክ ክራኪንግ ውስጥ የሙቀት ሚዛን የቤንዚን ምርትን እንዴት ይገዛል?

ድፍድፍ ነዳጅ በንጥረት ብቻ የሚሰጠው ቤንዚን ገበያው ከሚፈልገው ያነሰ ነው። የንጥረት ማማ ሥራ በመሠረቱ ከአረቄ አውጪ ሥራ አይለይም፤ ድብልቁን እያሞቀ ቀድሞ የሚተነውን ከሚዘገየው ይለያል እንጂ በድብልቁ ውስጥ ያልነበረውን አይፈጥርም። ቤንዚን በአብዛኛው ከ5 እስከ 12 የካርቦን አተሞች ያሏቸው ሞለኪዩሎች ድብልቅ ነው። ከ340 እስከ 560 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል የሚፈላው ከባድ ጋዝ ኦይል ግን ከ20 በላይ ካርቦን ያላቸውን ረጃጅም ሰንሰለቶችና እርስ በርስ የተያያዙ ቀለበቶችን የያዘ ነው። ይህን ከባድ ክፍል ሰንጥቆ ቤንዚን ለማድረግ በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት ዘዴ ካታሊቲክ ክራኪንግ ይባላል።

በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው ገለጻ አጭር ነው። ካታሊስቱ የስንጠቃውን የኃይል እርከን ዝቅ ያደርጋል፤ ቤንዚን ይገኛል፤ በጎን ደግሞ «ኮክ» የተባለ ጥቁር የካርቦን ዝቃጭ በካታሊስቱ ላይ ይጋገርና ያደክመዋል፤ ስለዚህ ኮክ በተቻለ መጠን መቀነስ ያለበት ጉድለት ነው። ይህ ገለጻ ስለ ካታሊስቱ ሲናገር ትክክል ነው፤ ስለ ፋብሪካው ሲናገር ግን ግማሽ እውነት ነው። በሥራ ላይ ባለ የክራኪንግ ክፍል ውስጥ ኮክ የሂደቱ ዋና ማገዶ ነው፤ መጠኑንም በዋናነት የሚወስነው የካታሊስቱ ጠባይ ሳይሆን የሂደቱ የሙቀት ፍላጎት ነው። ይህ ጽሑፍ የዚህን አባባል ምክንያት ያስረዳል፤ በትናንሽ የቤተ ሙከራ ሪአክተሮች የሚገኙ ውጤቶችን ስናነብ ምን መዘዝ እንዳለውም ያሳያል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካታሊስቱን የማደስ ጥያቄ

የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ክራኪንግ ካታሊስት አልነበረውም። ዊሊያም በርተን በኢንዲያና ስታንዳርድ ኦይል ውስጥ ያዳበረውና በ1913 በዋይቲንግ ማጣሪያ ሥራ ላይ የዋለው ዘዴ ከባዱን ዘይት በግፊት ሥር በሙቀት ብቻ ይሰነጥቅ ነበር። ከአንድ በርሜል ድፍድፍ የሚገኘውን ቤንዚን በእጅጉ ጨመረ፤ ነገር ግን በጋኑ ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ኮክ ሥራው በየጊዜው እንዲቆምና ሠራተኞች ገብተው እንዲፍቁት ያስገድድ ነበር። በ1915 የገልፉ ኬሚስት አልመር ማካፊ አልሙኒየም ክሎራይድን እንደ ካታሊስት ተጠቅሞ ጥራቱ የተሻለ ቤንዚን አገኘ። ችግሩ ካታሊስቱ ከሬንጅ መሰሉ ዝቃጭ ጋር ተለውሶ መጥፋቱ ነበር፤ መልሶ ማግኘቱ ውድ ነው።

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ በ1920ዎቹ ከአሲዳዊ የሸክላ አፈር ጋር ሲሠራ የደረሰበት ነገር ብዙውን ጊዜ «የሸክላ ካታሊስት ግኝት» ተብሎ ይጠራል። እኔ ግን ትልቁ ግኝት ሌላ ይመስለኛል። ሸክላው በኮክ ተሸፍኖ ሲደክም አየር ተነፍቶበት ኮኩ ቢቃጠል ንቃቱ እንደሚመለስ፣ ይህም ደጋግሞ ሊደረግ እንደሚችል ማየቱ ነው። በሌላ አነጋገር ካታሊስቱ እንዳይደክም መከላከል ትቶ፣ ድካሙን የሥራው አንድ ምዕራፍ አደረገው። ሰን ኦይል በፔንስልቬንያ ማርከስ ሁክ በ1937 ያስጀመረው የሁድሪ ክፍል በዚህ መርሕ ይሠራ ነበር። ካታሊስቱ ሳይንቀሳቀስ ጋኖቹ ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዱ ጋን ሲሰነጥቅ ሌላው ይጸዳል፣ ሌላው ይታደሳል፤ ቫልቮቹ በየጥቂት ደቂቃው ተራቸውን ይቀያየራሉ። በጋኖቹ ውስጥ በተዘረጉ ቱቦዎች የቀለጠ ጨው እየዞረ ከሚቃጠለው ጋን ሙቀት ይወስዳል፤ ለሚሰነጥቀው ያደርሳል። የኮክ ቃጠሎ ሙቀት መጣል የሌለበት ሀብት መሆኑ እዚህ ላይ ቀድሞ ታውቋል፤ ዝውውሩ ግን ገና ጨውን አማላጅ አድርጎ ነበር።

አማላጁን ያስቀረው የፍሉይድ ዘዴ ነው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም መምህራን የነበሩት ዋረን ሉዊስና ኤድዊን ጊሊላንድ፣ በተገቢ ፍጥነት ጋዝ የሚነፋበት ደቃቅ ዱቄት እንደ ፈሳሽ ሊፈስ እንደሚችል ከኒው ጀርሲ ስታንዳርድ ኦይል መሐንዲሶች ጋር በመሆን ለኢንዱስትሪ አበቁት። የመጀመሪያው የንግድ ክፍል ግንቦት 25 ቀን 1942 በሉዊዚያና ባተን ሩዥ ሥራ ጀመረ፤ ጊዜው ጦርነት ስለነበር ምርቱ ከፍተኛ ኦክቴን ላለው የአውሮፕላን ቤንዚን ወሳኝ ሆነ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ጋኖቹ ተራ መቀያየራቸውን ትተው ካታሊስቱ ራሱ መዞር ያዘ። በሪአክተሩ ኮክ ይሸከማል፤ ወደ ማደሻው ሄዶ ኮኩን ያቃጥላል፤ ከቃጠሎው ሙቀት ይዞ ይመለሳል። በአማካይ ወደ 70 ማይክሮን ስፋት ያላት አንዲት ቅንጣት ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ኬሚስትም ናት፣ የሙቀት ተሸካሚም ናት።

ኮክ ከኬሚስትሪው ለምን አይነጠልም?

ሞለኪዩሎች በሙቀት ብቻ ሲሰነጠቁ የካርቦን–ካርቦን ትስስሩ እኩል ለሁለት ተከፍሎ ነጻ ራዲካሎችን ይሰጣል፤ እነዚህም እንደ ኤቲሊን ያሉ አንድና ሁለት ካርቦን ያላቸውን ጋዞች ያበዛሉ። በአሲዳዊ ካታሊስት ላይ ግን መንገዱ በካርቤኒየም አዮን በኩል ነው። ፖዘቲቭ ሙላት የተሸከመው ካርቦን ከእሱ ሁለተኛ የሆነውን ትስስር ይሰብራል፤ ይህ የቤታ ስንጠቃ ይባላል። አዮኑ ያልተረጋጋውን የጫፍ ካርቦን ስለሚሸሽ፣ ስብርባሪዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ካርቦን ያላቸው ይሆናሉ፤ ከስብራቱ በፊትም ሰንሰለቱ ራሱን እያደራጀ ቅርንጫፍ ያበጃል። ቅርንጫፍ ያለው ሰንሰለት ደግሞ በሞተር ውስጥ ያለጊዜው አይፈነዳም፤ የካታሊቲክ ቤንዚን ኦክቴን ከፍ የሚለው አንድም በዚህ ነው።

ከስንጠቃው ጎን ለጎን የሚካሄደው የሃይድራይድ ዝውውር ግን ለጉዳያችን ይበልጥ ይጠቅማል። ስንጠቃ ድርብ ትስስር ያላቸው ኦሌፊኖችን ይወልዳል። እነዚህ ሃይድሮጅን ከጎረቤት ሞለኪዩል ወስደው ይሞላሉ፤ ሰጪው ሞለኪዩል እየደኸየ ቀለበቱ አሮማቲክ ይሆናል፤ አሮማቲኮቹም እርስ በርስ እየተጣበቁ መጨረሻቸው ኮክ ነው። ሒሳቡን በሃይድሮጅን ብንሠራው ግልጽ ይሆናል። መኖው በክብደት ወደ 12 ከመቶ ገደማ ሃይድሮጅን አለው፤ ቤንዚኑ ወደ 13 ከመቶ፤ ከእሱ ጋር የሚወጡት ቀላል ጋዞች ደግሞ ከዚያም ይበልጣሉ። ከውጭ የሚጨመር ሃይድሮጅን የለም። ስለዚህ ከባዱ የዑደት ዘይትና ኮክ ሃይድሮጅን የተነጠቁ ሆነው መውጣት አለባቸው። ቤንዚኑ የተሻለበትን ያህል ሌላው ክፍል ይከሳል ማለት ነው፤ ኮክ ዕዳው የሚመዘገብበት አንዱ ዓምድ ነው። ካታሊስቱን ፍጹም ብናደርገው እንኳ ይህ ዕዳ ቦታውን ይቀይራል እንጂ አይሰረዝም።

በ1962 ቻርልስ ፕላንክና ኤድዋርድ ሮዚንስኪ በሞቢል ያበቁት የዚዮላይት ካታሊስት የዘርፉን መልክ ለወጠው። ዚዮላይት ዋይ በ0.74 ናኖሜትር መስኮቶች የሚገቡባቸው ሥርዓት ያላቸው ክፍሎች አሉት፤ አሲዳዊ ማዕከሎቹም ከቀድሞው ቅርጽ አልባ ሲሊካ–አሉሚና እጅግ የበረቱ ናቸው። ንቃቱ ያን ያህል ከፍ ከማለቱ የተነሣ ሰፊው የሪአክተር ጋን ትርፍ ሆነና ስንጠቃው ወደ ቀጥ ያለ መወጣጫ ቱቦ ተዛወረ፤ ዘይቱና ካታሊስቱ አብረው የሚቆዩት ከ2 እስከ 4 ሰከንድ ብቻ ነው። ከቱቦው ጫፍ ሲደርሱ ይለያያሉ፤ በካታሊስቱ ላይ የቀረው የዘይት ተን በእንፋሎት ይራገፋል፤ ኮኩ ወደ ማደሻው ይሄዳል። እዚህ ላይ በአገራችን ለሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከኢትዮጵያ ካኦሊን ዚዮላይት ኤ የማዘጋጀት ሥራ ተሳክቶ ታትሟል፤ ዋጋውም ትልቅ ነው። ነገር ግን የዚዮላይት ኤ መስኮት 0.4 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ የጋዝ ኦይል ሞለኪዩል ደጃፉን አያልፍም። «ዚዮላይት» የሚለው ስም ብቻውን ለክራኪንግ ብቁ አያደርግም።

የሙቀቱ ሒሳብ

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ቀጥሎ ያለው ስሌት ለማስረዳት በተለመዱ እሴቶች የተዘጋጀ እንጂ ከአንድ የተወሰነ ፋብሪካ የተወሰደ አይደለም። ኮኩን ንጹሕ ካርቦን አድርጌ ወስጄዋለሁ፤ በእርግጥ ጥቂት ሃይድሮጅን ስላለበት እውነተኛው ሙቀት ትንሽ ይበልጣል።

መነሻችን 100 ኪሎ ግራም መኖ ነው። ለዚህ 600 ኪሎ ግራም ካታሊስት ይዞር፤ ማለትም የካታሊስትና የዘይት ምጥጥን 6 ይሁን። የመወጣጫው ቱቦ መውጫ 530፣ ማደሻው ደግሞ 710 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁኑ። የካታሊስቱ ልዩ ሙቀት በኪሎ ግራም በዲግሪ 1.1 ኪሎጁል ገደማ ነው። ካታሊስቱ 180 ዲግሪ ሲወርድ የሚያስረክበው ሙቀት 119 ሜጋጁል ያህል ይሆናል። ይህ ሙቀት ሁለት ነገር ይፈጽማል፤ ዘይቱን አትንኖ እስከ 530 ዲግሪ ያሞቀዋል፤ ሙቀት ወሳጅ የሆነውን ስንጠቃም ይመግባል። ከሁለቱ ብዙውን የሚወስደው የመጀመሪያው ነው።

በሌላ በኩል ከመኖው 5 ከመቶው ኮክ ቢሆን በማደሻው የሚቃጠለው 5 ኪሎ ግራም ነው። ካርቦን ሙሉ በሙሉ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቃጠል በኪሎ 32.8 ሜጋጁል ይሰጣል፤ በድምሩ 164። ለቃጠሎው 57 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል፤ ከመንፊያው በ200 ዲግሪ ይገባል ብንል እሱን እስከ 710 ማሞቅ ወደ 33 ሜጋጁል ይበላል። 119 ለካታሊስቱ፣ 33 ለጋዙ፤ የሚቀረው 12 ሜጋጁል ለእንፋሎቱና በግድግዳ ለሚጠፋው ሙቀት ነው። ሒሳቡ ይዘጋል። ኮኩ 5 ከመቶ አካባቢ የሆነው አንድ ሰው መርጦት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው። በተቃራኒው ቃጠሎው በካርቦን ሞኖክሳይድ ላይ ቢቆም በኪሎ የሚገኘው 9.2 ሜጋጁል ብቻ ስለሆነ ድምሩ 46 ይሆናል፤ ይህ ካታሊስቱን ለማሞቅ እንኳ ግማሽ አይሞላም። ከ1970ዎቹ ወዲህ ሞኖክሳይዱ በማደሻው ውስጥ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ጥቂት ፕላቲነም ለካታሊስቱ መጨመር የተለመደ ሆኗል፤ አየር የሚበክለውን ጋዝ ከመቀነስ ባሻገር ይህን ሙቀትም ያስገኛል።

የእንቅስቃሴውን ስፋት ለመገመት፣ በቀን 50,000 በርሜል የሚያስተናግድ ክፍል በየደቂቃው 5 ቶን ያህል ዘይት ይቀበላል። በምጥጥን 6 ስንሄድ 30 ቶን የጋለ ዱቄት በየደቂቃው ይዞራል ማለት ነው። አንድ ከባድ የጭነት መኪና ሙሉ ጭነቱን በየደቂቃው እንደሚገለብጥ ማለት ነው፤ ቀንና ሌሊት፣ ዓመታትን ያለ ማቋረጥ።

ከዚህ ሚዛን ለጀማሪ ግራ የሚያጋቡ ውጤቶች ይመነጫሉ። አንደኛው የመኖው ቅድመ ሙቀት ነው። ዘይቱን በ50 ዲግሪ ይበልጥ አሙቀን ብናስገባ ብዙ ይሰነጠቃል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ይመስላል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የዘይቱ ልዩ ሙቀት 2.7 ኪሎጁል ቢሆን በምድጃው የተጨመረው 13.5 ሜጋጁል ነው። የመውጫው ሙቀት 530 ላይ እንዲጸና ስለተፈለገ የመቆጣጠሪያው ቫልቭ ካታሊስቱን ይቀንሳል፤ ማደሻው ባይለወጥ 600 የነበረው ወደ 530 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ዘይቱ የሚያገኘው አሲዳዊ ማዕከል ስለሚያንስ ልውጠቱም ይቀንሳል። የፋብሪካ መሐንዲሶች ዘይቱን ቀዝቀዝ አድርገው የሚያስገቡበት ጊዜ መኖሩ እንግዲህ ስህተት አይደለም።

ሁለተኛው ለእኛ ለካታሊስት አጥኚዎች ይበልጥ ይመለከታል። በቤተ ሙከራ፣ በተመሳሳይ ምጥጥን፣ ኮኩን በ20 ከመቶ የሚቀንስ አዲስ ካታሊስት አገኘን እንበል። ወደ ፋብሪካው ሲገባ የሚቃጠለው ከ5 ወደ 4 ኪሎ ይወርዳል፤ 33 ሜጋጁል ይጎድላል። ማደሻው ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ካታሊስት በቅንጣት የሚሸከመው ሙቀት ስለሚያንስ ቫልቩ ይከፈትና ብዛቱ ይጨምራል፤ ማደሻው 690 ዲግሪ ላይ ቢረጋ የሚያስፈልገው 675 ኪሎ ግራም ነው። ካታሊስቱ ሲበዛ ልውጠቱ ያድጋል፤ ኮኩም አብሮ ያድጋል፤ ሚዛኑ እስኪዘጋ ድረስ። በመጨረሻ የኮኩ መጠን ከነበረበት ብዙ አይርቅም። ትርፉ የተገኘው በኮክ መቀነስ ሳይሆን በምጥጥኑ ከፍ ማለትና በቤንዚኑ መጨመር ነው። ትርፉ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በቤተ ሙከራው ሠንጠረዥ «ኮክ» በሚለው ዓምድ ሥር ከተጻፈው የተለየ ነው።

ስለዚህ የተሻለ ካታሊስት ብቻውን የማደሻውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ያጠፋል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም። 5 ኪሎ ካርቦን 18 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህን ለመቀነስ ሙቀቱ ከሌላ ምንጭ መምጣት አለበት።

የቤተ ሙከራው ምድጃ የሚደብቀው

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚገኙት የሙከራ ሪአክተሮች በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሞቁ ትናንሽ ቋሚ ቱቦዎች ናቸው። ኤሌክትሪኩ የጎደለውን ሙቀት ሁሉ ዝም ብሎ ስለሚሞላ የኮክ ማገዶነት ፈጽሞ አይታይም፤ የሚታየው ጉዳቱ ብቻ ነው። አጥኚውም በምክንያት ሳይሆን በመሣሪያው አስገዳጅነት «አነስተኛ ኮክ፣ የተሻለ ካታሊስት» ወደሚል መደምደሚያ ይገፋል።

ጉዳዩ ከጋዝ ኦይል ርቆም ይሠራል። ኢትዮጵያ ቤንዚኗን ተጣርቶ ያለቀለት ሆኖ ነው የምታስገባው፤ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተሠርቶ በ1967 ሥራ የጀመረው የአሰብ ማጣሪያም በ1997 ቆሟል። በመሆኑም በእኛ ዘንድ ክራኪንግ የሚጠናው በአብዛኛው ከፕላስቲክ ቆሻሻና ከአትክልት ዘይት ነዳጅ ለማግኘት ነው። እነዚህ ሁለት መኖዎች በሙቀት ሚዛን ፊት ተቃራኒ ጠባይ አላቸው። ፖሊኤቲሊን በክብደት ከ14 ከመቶ በላይ ሃይድሮጅን ስላለው የሚተወው ኮክ ጥቂት ነው፤ በቤተ ሙከራ ይህ ያስመሰግነዋል፤ በሚዞር ካታሊስት ክፍል ውስጥ ግን ማደሻውን ያስርባል፤ ተጨማሪ ማገዶ መርጨት ግድ ሊሆን ይችላል። የአትክልት ዘይት በበኩሉ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ኦክስጅኑ በከፊል ውሃ ሆኖ ሲወጣ ሃይድሮጅን ይዞ ስለሚሄድ የቀረው ክፍል ይደኸያል፤ ኮኩም ይበዛል፤ ማደሻው ከሚገባው በላይ ሊግል ይችላል። አንዱ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይግላል፤ ሁለቱን በልክ ማደባለቅ ራሱ ሊፈተን የሚገባው የጥናት ሐሳብ ይመስለኛል።

ለዚህ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። አንዱን ካታሊስት በአንድ ምጥጥን ብቻ ከመፈተን ይልቅ ቢያንስ በሦስት ምጥጥኖች መፈተን፣ ኮኩንም በእኩል ምጥጥን ሳይሆን በእኩል ልውጠት ማነጻጸር ይቻላል። ያገለገለው ካታሊስት በአየር ሲቃጠል የሚወጣውን ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለየብቻ በመመዘን የኮኩን ሃይድሮጅን ማወቅ ይቻላል፤ የማገዶነት ዋጋው ከዚህ ይሰላል። ከዚያ በላይ በቀረበው ዓይነት የአንድ ገጽ ስሌት እያንዳንዱ ካታሊስት በራሱ ኮክ የሚጸናበትን ምጥጥን ማግኘት ይቻላል። ውጤቱ የሚነጻጸረውም በዚያ ምጥጥን ላይ በሚገኘው የቤንዚን መጠን ነው።